ቀይ መስመር ያልተሰመረበት ፊት

ድረ ገጽ በሚሠራው ስቱዲዮ ውስጥ ገጽ ላይ ባዶ ሳጥን መተው ነውር ነበር። ፎቶው ያልመጣ፣ ጽሑፉ ያልተጻፈ ገጽ ቢሆን እንኳ እውነተኛው እስኪደርስ የሆነ ነገር ይገባበታል። ባዶ ሳጥን ዓይን ያታልላል ይላሉ፤ ጠባቡን ሰፊ፣ የተንሻፈፈውን ቀጥ ያለ ያስመስላል። ይህን ለጊዜው የሚገባ ነገር «ሞግዚት» ብለውታል፤ ሞግዚት ፎቶ፣ ሞግዚት ጽሑፍ፣ ሞግዚት ድምፅ። ወላጅ እስኪመጣ ቦታ የሚጠብቅ ማለት ነው። ሕጉ አንድ ነበር፤ ሞግዚት የሆነ ሁሉ ከጥግ እስከ ጥግ ቀይ መስመር ይሰመርበታል። ሥራው ሊወጣ ሲል ፈታሻቸው ቀይ ያለበትን ሁሉ እያደነ በእውነተኛው ይተካል።

ፈታሹን «ጥርጣሬ» ነው የሚሉት። ሻይ ቢቀዱለት መጀመሪያ ብርጭቆውን ገልብጦ ቀዳዳ ይፈልጋል ብለው ያሙታል። እሱም አይከፋውም። «እኔ ባልጠረጥር እናንተ ስንቴ በተዋረዳችሁ» ይላል።

የገጾቹን መልክ የምትሠራው ልጅ ቀለም ትባላለች፤ በስቱዲዮው ከዚህ ሌላ ስም አልነበራትም። በዚያ ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊቷ በተዘረጋው ገጽ ላይ አንድ ሳጥን ብቻ ባዶ ቀርቶባት ነበር። ገጹ የሙታን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በተቃጠለው የፍራሽ ፋብሪካ ያለቁት ሠራተኞች ፊት በረድፍ በረድፍ ተደርድሮበታል። ሥራው ሲያልቅ በፋብሪካው አዲስ አዳራሽ ግድግዳ ላይ በሰው ቁመት ተች ስክሪን ሆኖ ይቆማል፤ አዳራሹ ድረስ መምጣት ለማይችል ዘመድ ደግሞ በድረ ገጽ ይከፈታል። ፊቶቹ ሁሉ ከሩቅ ሲያዩአቸው እንደተዳፈነ ፍም ደብዛዛ ናቸው። ሰው መዳፉን አንዱ ላይ ሲያሳርፍ ያ ፊት ቀስ እያለ ይበራል፤ ሟቹን የሚወድ ሰው ድምፅም ስለ እሱ ያወራል። እጅ ሲነሣ ይጨልማል፣ ዝም ይላል።

ባዶው ሳጥን የጭምቱ ታላቅ ወንድም ነበር።

ጭምቱ ፕሮግራመራቸው ነው። ከቀለም ጠረጴዛ ትይዩ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ሦስት ቃል ቢናገር ነው፤ ስሙንም ያወጡለት ለዚህ ነው። ከእሷ ጋር ሲሆን ግን እንደ ተከፈተ ቧንቧ ያወራ እንደነበር ከእሷ በስተቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሥራው ለስቱዲዮው ሲመጣ አለቃቸው ጠርታ፣ «አንተ ከዚህኛው ውጣ፣ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» ብላው ነበር። «ሌላ ሰው ወንድሜን ፋይል ነው የሚለው» አላት። ከዚያ ወዲህ ማንም አልከለከለውም።

ቀለም ስልኳን አወጣች። አንድ ቀን ጭምቱ መስኮቱ ሥር ቆሞ ብርቱካን ሲልጥ ጠርታው፣ ቀና ሲል ያነሣችው ፎቶ ነበራት። ልጣጩ ከጣቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ፊቱ ማን እንደጠራው ያወቀ ሰው ፊት ነው። «ከወንድሜ ጋር ግንባራችን አንድ ነው፣ እሱ ሲያዛጋ የኔ ዕንባ ይመጣ ነበር» ይላት ነበር ሁልጊዜ። ፎቶውን ሳጥኑ ውስጥ አስገባችው። ልክ ሆነ።

ከዚያ ቀይ መስመሩን ያዘች። ከግንባሩ ጥግ ልታስጀምረው አለችና እጇ እምቢ አላት። በዚያ ፊት ላይ፣ ያውም በራሷ እጅ፣ ቀይ መስመር ማስመር ሟርት መሰላት። ከሙታን ረድፍ መሃል ማስገባቷ ግን ሟርት አልመሰላትም። ለእሷ ሳጥን ነበር፤ ከሳጥኖች አንዱ። ነገ አሰምርበታለሁ አለችና ገጹን ዘጋችው። ነገ በመጣ ቁጥር ያ ፊት ከገጹ መሃል ያያት ነበር፤ ማንም እንዲህ ሲያያት ደግሞ ልቧ ይሞቃል።

* * *

«እማዬ ዛሬም እምቢ አለች» አላት ጭምቱ።

የስቱዲዮው ሕንፃ የአደጋ ጊዜ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱ የሚገናኙባት ቦታ ያቺ ናት። የብረቱ ደረጃ ወደ ጓሮ ይወርዳል፤ ከታች የተጣሉ ካርቶኖች ይታያሉ።

«ፎቶውን?»

«'የልጄን ፊት እነሱ ግድግዳ ላይ አልሰቅልም' ነው የምትለው።»

«እውነቷን ነው።»

«እውነቷን እንደሆነማ አውቃለሁ።»

«እነሱ» የሚለው ቃል በመካከላቸው ሲወድቅ ሁለቱም ዓይናቸውን ወደ ካርቶኖቹ ይጥላሉ። የፋብሪካው ባለቤት የቀለም አባት ነው። ስፖንጅ ይሰረቃል ተብሎ የጓሮውን በር ከውጭ ያስቆለፈው እሱ ነበር፤ እሳቱ የተነሣው ደግሞ ከፊት በኩል። የጭምቱ ወንድም የተገኘው ያ በር ሥር ነው። ባለፋብሪካው ከዚያ ወዲህ በገዛ ቤቱ በር ዘግቶ አይተኛም፤ ሌባ ቢገባ ይግባ ብሏል። ይህን መታሰቢያ ያሠራው ኅሊናውን ለማሳረፍ ይሁን ስሙን ለማጽዳት ራሱም ያወቀው አይመስልም።

ጭምቱ የማን ልጅ እንደሆነች ያወቀው ከወደዳት በኋላ ነው። ካወቀበት ዕለት ጀምሮ ለሳምንት አላናገራትም። ከዚያ መጥቶ ይኸው ደረጃ ላይ አጠገቧ ተቀመጠና፣ «ቁልፉ አንቺ ኪስ ውስጥ አልነበረም» አላት። እናቱ ግን አታውቅም። ልጇ አንዲት ልጅ እንደወደደ ታውቃለች፤ «የማን ናት?» ስትለው «ትመጣለች» እያለ ነው የሚያልፋት።

«ትናንት ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ?» አለ ጭምቱ ድንገት እየሳቀ። «ታብሌቱን ቤት ወስጄ 'እስቲ እዚህ ጋ ንኪው' አልኳት። ነካች። ምንም የለም። ደገመች። ምንም። በረኪና ጣቷን ቅርፊት አድርጎባታል፣ ስክሪኑ ጣት መሆኑን አያውቅም። 'አይ' አለችኝ፣ 'ይኼ መስታወት ዘመናዊ ነው፤ የሚያውቀው ክሬም የተቀባ እጅ ነው።'»

ቀለም ሳቀችና ወዲያው አፏን ያዘች። እናቱ የሆቴል አንሶላ በማጠብ ነበር ሁለቱን ልጆች ያሳደገችው።

«አስተካከልኩት» አለ። «ተቀምጣ እያማረረች፣ እኔ ሥር ሥሯ እያስነካኋት፣ አስተካከልኩት። አሁን በመጀመሪያው ንክኪ ነው የሚያውቃት። ማንንም ባያውቅ እሷን ያውቃታል።»

«ትመጣለች ብለህ ታስባለህ?»

«ትመጣለች። በእጇ ትነካዋለች። ሲበራላት፣ ስለ ወንድሜ ያወራሁትን ስትሰማ፣ ያኔ 'ይህን የሠራችው ይህቺ ናት' እላታለሁ።»

«'የማን ልጅ ናት' ብትልህስ?»

ጭምቱ ከደረጃው ዝገት በጥፍሩ ፋቀ። «ያኔ አንቺው ትነግሪያታለሽ። ከኔ አፍ አይወጣም፣ ሞክሬዋለሁ።»

ቀለም እጁን ያዘች። እናቱ እጇን ዘርግታ ብትቀበላት የምትኖረውን ኑሮ ለማሰብ እንኳ ፈራች። ሰው አብዝቶ የሚፈልገውን ነገር ቀና ብሎ አያየውም።

* * *

በመክፈቻው ዋዜማ ጠዋት እናትየው ፎቶውን ሰጠች። ከብብቷ አውጥታ፣ በላስቲክ እንደተጠቀለለ። ያላት እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው የመታወቂያ ፎቶ ነበር፣ ከነባለቤቱ ተቃጥሏል። ወንድምየው አንድ ዓይኑን ለፀሐይ ጨፍኖ፣ ጥርሱን ፈልቅቆ ይስቃል።

«ይኼ ከጠፋ አንተም አብረህ ጥፋ» አለችው ልጇን።

ጭምቱ ፎቶውን ገልብጦ ወደ ፎልደሩ አስገባና ዋናውን በዚያው ሰዓት መለሰላት። ለጥርጣሬ «የወንድሜ መጥቷል» ብሎ ጻፈለት። ከዚያ ስክሪኑን ለማቆም ወደ አዳራሹ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ግን አንድ ነገር ለመነ። ለእሱ ልመና ብርቅ ስለነበር ሁሉም ቆመው ሰሙት።

«የእሱን ፊት ማንም እንዳይነካብኝ። መጀመሪያ እማዬ ትንካው። እኔም አልነካም።»

ጥርጣሬ ሌሎቹን ፊቶች አንድ በአንድ እየነካ ሲፈትሽ ዋለ። የጭምቱ ወንድም ጋ ሲደርስ ደብዛዛውን ፊት ጣቱን አንሥቶ አለፈው፤ በሥራ ዘመኑ ሳይጠረጥር ያለፈው እሱን ብቻ ነው። ከዚያ ቀይ መስመር ያለበትን ሁሉ አድኖ የሚተካውን ፕሮግራም አስነሣ። ፕሮግራሙ ቀዩን ሁሉ እየለቀመ በእውነተኛው ተካ።

«ቀይ የለም!» ብሎ ጮኸ ጥርጣሬ። «አንድም ቀይ የለም! ዛሬ ብርጭቆ ሳልገለብጥ ነው ሻዬን የምጠጣው!»

አለቃቸው አጨበጨበች። ቀለምም አጨበጨበች። የድረ ገጹን የመጨረሻ ነገር እያስተካከለች ነበር። ቀይ የለም ማለት ሞግዚት የለም ማለት ነው፤ እንዲህ ሲሆን ነው የኖረው። እሷ ያላሰመረችው መስመር ትዝ አላላትም። ከሙታኑ መሃል ያ ፊት ዓይኗን ስለለመደው፣ ከገጹ ጋር አብሮ የተወለደ መስሎባት ነበር።

* * *

አዳራሹ አዲስ ቀለም ይሸታል። የሟች ዘመዶች ጥቁር ለብሰው በወንበሮቹ ጫፍ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ የሰው ቤት ሳይፈቀድላቸው እንደገቡ። ባለፋብሪካው አጭር ንግግር ጀመረና መሃሉ ላይ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ማንም አላጨበጨበም። ሁሉም የሚያዩት ግድግዳውን ነበር፤ በጨለማው መስታወት ውስጥ ፊቶቹ እንደ ፍም ደብዝዘው ይጠብቃሉ።

የጭምቱ እናት አጭር ሴት ነች። ልጇ ክንዷን ይዞ ወደ ግድግዳው አቀረባት። ቀለም ከጥርጣሬና ከአለቃቸው ጋር ጥግ ላይ ቆማ እናትየውን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ አየቻት። የአንገቷ አቀማመጥ፣ ቅንድቧን የምትሰበስብበት መንገድ፣ ሁሉም የምታውቀው ነበር። ከማታውቃት ሴት ፊት ላይ የምትወደውን ሰው እየለቀመች አየች።

«የትኛው ነው?» አለች እናትየው።

ጭምቱ አሳያት። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ሁለቴ። ከዚያ ዘረጋችና በመዳፏ ሙሉ መስታወቱን ነካች።

ስክሪኑ አወቃት። በመጀመሪያው ንክኪ።

ፊቱ ቀስ እያለ በራ። መጀመሪያ ግንባሩ፣ ከዚያ አፍንጫው፣ ከዚያ ማን እንደጠራው ያወቁት ሁለት ዓይኖች። ከታች ጠርዝ ላይ የብርቱካን ልጣጭ ጫፍ ይታያል። ከግድግዳው ውስጥ የጭምቱ ድምፅ፣ «ወንድሜ ጠርዝ ላይ ነበር የሚተኛው» አለ።

ቀለም ያነሣችውን ፎቶ አወቀችው። አጠገቧ ጥርጣሬ፣ «አይደለም፣ አይደለም፣ አይደለም» ሲል ሰማችው፣ እንደሚጸልይ።

እናትየው አልጮኸችም። እጇን ከመስታወቱ አንሥታ ዘወር አለችና በዚያው እጇ ከኋላዋ የቆመውን ልጇን ዳሰሰች። ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ጉንጩን። እያየችው ነው የምትዳስሰው፤ ዓይኗን ግን ያመነችው አትመስልም። ድምፁ ከግድግዳው ቆመ፣ ፊቱም ጨለመ።

ያኔ የእናትየው ስልክ ጮኸ። እህቷ ናት፣ በሌላ ከተማ የምትኖረው። ድረ ገጹ እዚያም ተከፍቷል። ልቅሶዋ ከስልኩ አልፎ ለሁሉም ይሰማል፤ «እቴ! ይኼኛውም? መቼ? ምነው ሳትነግሪኝ፣ ምን በድዬሽ ነው ሳትነግሪኝ!»

«አለ» አለቻት እናትየው። «አጠገቤ ነው የቆመው። ይዤዋለሁ። አታልቅሽ፣ በሕይወት ላለ ሰው አይለቀስም።» ስልኩን ዘጋችና ዞረች።

«ይኼን ማነው ያነሣው?»

ጥርጣሬ ቀደመ። ፊቱ አመድ መስሏል። «እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። መፈተሽ ነበረብኝ፣ እኔ ነኝ ያለፍኩት...»

«ማን አጠፋ አላልኩም ልጄ። ማን አነሣው ነው ያልኩት።»

ቀለም ከጥጉ ወጣች። መንገዱ አጭር ነበር፤ እሷ ግን ሳትደርስ ብትቀር ተመኘች።

«እኔ ነኝ እማማ።»

እናትየው አየቻት። ከዚያ ወደ ጨለመው መስታወት፣ ከዚያ መልሳ ወደ እሷ። «እየሳቀልሽ ነው ያነሣሽው» አለች ቀስ ብላ። «ወንድሙ ከሞተ ወዲህ እኔን እንኳ በዚህ ዓይን አይቶኝ አያውቅም።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የሆነ ልስላሴ ነበር፣ እንደ ምሬትም እንደ ምስጋናም ያለ። እጇ ከቀሚሷ ላይ ትንሽ ተነሣ። «አንቺ ነሻ፣ 'ትመጣለች' የሚለኝ። የማን ልጅ ነሽ?»

ቀለም ቀና ስትል አባቷን ከሰዉ ጀርባ አየችው። ራሱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ነቀነቀ፤ አትንገሪያት ነው። ለራሱ ፈርቶ እንዳልሆነ ገባት። ልጁ እሱ ካስቆለፈው ከዚያ በር ጋር ስትቆጠር ማየት አልፈለገም። የእናትየው እጅ አሁንም በአየር ላይ ነው። አንድ ውሸት፣ ትንሽ ውሸት፣ ያን እጅ ትከሻዋ ላይ ታሳርፈው ነበር።

ጭምቱን አየችው። አንገቱን ደፍቷል። ከኔ አፍ አይወጣም ብሏት ነበር።

«የሳቸው ልጅ ነኝ» አለች፣ ወደ አባቷ እያመለከተች። «የባለፋብሪካው።»

የእናትየው እጅ ወደ ቀሚሷ ተመለሰ። ባለፋብሪካውን ዞራ እንኳ አላየችውም።

«ክፉ አስበሽ እንዳላደረግሽው ዓይኑ ይመሰክርልሻል» አለቻት። «በዚህ ዓይን የሚታይ ሰው ክፉ አያስብም። አንዱን ልጄን ቤታችሁ ወሰደብኝ። እሱን ባንቺ ላይ አልቆጥረውም። ግን ይኼኛውን ዛሬ ከሙታን መሃል አገኘሁት። በእጄ ነክቼ አገኘሁት። ከዚያ አንሥቼ ለዚያው ቤት የምሰጥበት አቅም የለኝም። የለኝም፣ ልጄ።»

«ልጄ» የሚለው ቃል ሳታስበው ነበር የወጣው። ቀለም ከሰማችው ሁሉ የጎዳት እሱ ነው።

* * *

ከግድግዳው ጀርባ ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰው ኮምፒውተር ያለባት ጠባብ ክፍል አለች። ሙቀት ታፍኖባታል፤ የማቀዝቀዣው ማራገቢያ ያቃስታል። እናትየው እውነተኛውን ሳላይ አልሄድም ብላ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ጭምቱ ተቀምጦ ፎልደሩን ከፈተ። ቀለም ከኋላው ቆመች፤ በሩን ክፍት ትተውታል።

«ለምን አላሰመርሽበትም?» አላት ሳይዞር።

«ያዝኩት። መስመሩን ይዤው ነበር። ፊትህ ላይ... እጄ እምቢ አለኝ።»

ጭምቱ የወንድሙን ፎቶ ከፎልደሩ አወጣ። «እኔም ፊቱን ሳልነካ አለፍኩት፣ እማዬ ትቅደም ብዬ» አለ። «ጥርጣሬም ለኔ ብሎ አለፈው። እጇን እንዲያውቃት ስክሪኑን ያስተካከልኩትም እኔ ነኝ። ጠላት ቢሠራው እንዲህ አያምርም ነበር።»

ሊስቅ ሞከረና አልሆነለትም። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥርሱን ፈልቅቆ የሚስቀውን ወንድሙን ወደ ሳጥኑ አስገባው። ልክ ሆነ።

«ትረሳዋለች» አለች ቀለም። «ዛሬ አይደለም፣ ነገም አይደለም። ግን አየሃት እኮ፣ እጇን አንሥታልኝ ነበር። እጠብቃለሁ። በየቀኑ ልብስ አጥቤላት...»

«እሷ አይደለችም።» አሁን ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ያ ፎቶው ላይ የነበረው ነገር አልነበረም። «እሷን እችላት ነበር። ስትቆጣ ዝም ማለት ነው፣ በዝምታ ማን ይችለኛል? እኔ ነኝ ያልቻልኩት። ወንድሜ በሩ ሥር መሞቱን ችዬ፣ ካንቺ ጋር እየሳቅኩ እወጣ እገባ ነበር። ዛሬ እማዬ ዞራ ስትዳስሰኝ... እያየችኝ ነበር፣ ቀለም። እያየችኝ፣ እጇ ይፈልገኝ ነበር። ከዚያ እጅ ሥር ወጥቼ ያንቺን እንዴት ልያዝ?»

«አትያዘኝ። ቁም ብቻ። እዚህ ቁም።»

«አልችልም።»

«ቁልፉ እኔ ኪስ አልነበረም ብለኸኛል።»

«አልነበረም» አለ። «አሁንም የለም። እውነት ስለሆነ ነው የሚያመኝ። ጥፋተኛ ብትሆኚ ኖሮ ጠልቼሽ እገላገል ነበር።»

ስክሪኑ ላይ ጥያቄ ወጥቶ ይጠብቃል፤ የቀድሞው ፎቶ ይጥፋ? ጭምቱ ተነሣ። «አንቺ ተጫኚው» አላትና በጎኗ አልፎ ወጣ፣ ሳይነካት፣ ክፍሏ የዚያን ያህል ጠባብ ሆና ሳለ።

ቀለም ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ቆመች። በክፍቱ በር በኩል ከአዳራሹ የሴት ድምፅ ሰማች። ልቅሶ አልነበረም። «የኔ ሳቂታ» የሚል ድምፅ ነበር፤ «አንተ የኔ ሳቂታ።» ተጫነችው። የዚያ ቀን መልካሙ ነገር እሱ ብቻ ነበር፤ እሷም ከግድግዳው ጀርባ ሆና ነው የሰማችው።

* * *

ጭምቱ በዚያው ሰሞን ስቱዲዮውን ለቀቀ። ሩቅ ከተማ ሥራ አገኘ አሉ። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ልጅ ተቀመጠ፤ ወሬኛ፣ ሙዚቃ ከፍቶ የሚሠራ። ጥርጣሬ ብርጭቆውን ገልብጦ ማየቱን ትቷል፤ ማንም አይቀልድበትም። ቀለም ስልኳ ላይ ያለውን ፎቶ አላጠፋችም። ስትከፍተው ግን ከግራና ከቀኙ፣ ከላይና ከታቹ የሌሎቹ ፊት ይታያታል፣ ዓይኗ ራሱ ረድፉን ይሠራዋል። መክፈቱን ተወች።

የምትችለው አንድ ነገር ብቻ ቀራት። ጥበቃው የአባቷን ፊት አይቶ ያስገባታል፤ በባዶው አዳራሽ ውስጥ ወደ ግድግዳው ትሄድና የማታውቀው ሟች ሳቅ ላይ መዳፏን ታሳርፋለች። ጭምቱ በሌለበት ዓለም የጭምቱ ድምፅ የሚሰማው እዚያ ብቻ ነበር።

«ወንድሜ ጠርዝ ላይ ነበር የሚተኛው። አንድ ፍራሽ ነበረን፣ የግድግዳውን በኩል ለኔ ይተውልኛል፣ እንዳልወድቅ...»

አንድ ቀን ከኋላዋ የጫማ ድምፅ ሰማች። ቀስ ያለ፣ የደከመ ሰው እርምጃ። ሳትዞር አወቀች። ጥበቃው፣ «አንዲት እናትም ይመላለሳሉ» ብሏት ነበር፤ «ልጃቸው ከሄደ ወዲህ ቤት ዝም ብሎባቸዋል።» የሰው ሐዘን ላይ እጇን ጭና እንደተያዘች ሌባ ደነገጠች። መዳፏን ከመስታወቱ ልታላቅቅ ጣቶቿን ሰበሰበች።

«አታንሺው» አለች ከኋላዋ ያለችው ሴት። «ካነሣሽው ዝም ይላል።»

መጥታ አጠገቧ ቆመች። ቀሚሷ የበረኪና ሽታ አለው። አላየቻትም፣ አልነካቻትም። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ አንድ ፊት አድርገው አንዲቱ የሞተውን፣ አንዲቱ የሄደውን፣ ምናልባትም ሁለቱም ሁለቱን ይሰማሉ።

«...አንዳንዴ እሱ ይወድቅና መሬት ላይ ያድራል» ይላል ድምፁ ከግድግዳው ውስጥ፣ ሊስቅ እያለ። «ጠዋት ስቀሰቅሰው፣ 'ወድቄ መሰለህ? መሬቱ በርዶት ላሞቀው ወርጄ ነው' ይለኛል። አምነው ነበር። አሁንም አምነዋለሁ።»

ድምፁ አለቀ። ቀለም እጇን አላነሣችም፤ ከመጀመሪያው እንደገና ጀመረ።